ወገብ ሲይዝ የቱን በር ቀድሞ ማንኳኳት

ወገቤን የያዘኝ የጫማ ክር ሳስር ነው። ከባድ ነገር አላነሳሁም፣ አልወደቅሁም። ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ማለት አቃተኝ፤ በቃ። ግድግዳ ተደግፌ ወደ አልጋ ስመለስ ያዩኝ ጎረቤታችን እትዬ "ሦስት ቀን ፍልውሃ ብትገባ ይለቅሃል" አሉኝ። እናቴ በስልክ "ኩላሊትህ ነው ልጄ፣ ብርድ መቶህ ነው" አለች። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ "ጊዜ አታጥፋ፣ ኤምአርአይ ተነሳ" አለኝ። በማግስቱ ከአራት ኪሎ ታክሲ ስሳፈር አቀማመጤን ያዩ አንድ አዛውንት ደግሞ የወጌሻ ስልክ ሊሰጡኝ እስክሪብቶ ፈለጉ።

ከአራቱ የመረጥኩት ውዱን ነበር። በቀጥታ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ወረቀቱ ላይ "ዲስክ" (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ መሳይ ነገር) የምትል ቃል አየሁና ለሁለት ወር ውሃ የሞላ ባልዲ ማንሳት ፈራሁ። በኋላ ያየኝ ሐኪም ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ በተረከዜ አራምዶ፣ አስተኝቶ እግሬን ወደ ላይ አንስቶ፣ "ይሄ እኮ ያለ ኤምአርአይም ይታወቅ ነበር" አለኝ። በሮቹን ከመጨረሻው ጀምሬ ነበር ያንኳኳሁት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ አዋቂ ሰው ነው። ልጅ ወገቤን ካለ ግን ይሄን መመሪያ ትተው ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

አንደኛ፦ ከቤት ሳይወጡ አደጋ መኖር አለመኖሩን ይፈትሹ

አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ አይደለም፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ጥቂቱ ግን ሌሊት ይሁን በዓል ሳይሉ የሚሮጡበት ነው። ልዩነቱን የሚነግረው የሕመሙ ብርታት አይደለም። እኔ በያዘኝ ቀን መተንፈስ እስኪያቅተኝ አሞኝ ምንም ከባድ ነገር አልነበረብኝም፤ በቀላሉ እየተራመደ የመጣ ሰው ደግሞ ነርቩ ተጨፍልቆ ሊገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሽንት ቤት ነው፤ ማንም አይጠይቅዎትምና ራስዎን ይጠይቁ። ሽንት እየመጣ አልወጣ ብሏል? ሳያውቁት ያመልጥዎታል? ሰገራስ? ሲጠራርጉ ስሜቱ እንደ ወትሮው ነው ወይስ ደንዝዟል? ፈረስ ላይ ቢቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ፣ ማለትም ብልት አካባቢ፣ መቀመጫና የጭን ውስጠኛው ክፍል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች እየዛሉ ከሄዱ፣ በአከርካሪው ግርጌ ያለውና ሐኪሞች "የፈረስ ጭራ" በሚል ስም የሚጠሩት የነርቭ ጥቅል ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው የሚችል ነገር ነው። "ነገ ጠዋት ካርድ አወጣለሁ" የሚባልበት አይደለም። ሰው ግን ነገሩን ለመናገር ያፍርና አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሽንቱ ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መውደቅና ስለ መኪና አደጋ ነው። ከደረጃ የወደቀ፣ ከሥራ ቦታ መወጣጫ የወደቀ፣ መኪና የገጨው ሰው በታክሲ አይጫን፣ ተሸክመውም አያንቀሳቅሱት፤ አምቡላንስ ይጥሩለት። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች፣ በተለይ ለእናቶች፣ ከኩርሲ ላይ ዝቅ ብሎ መውደቅ እንኳ የአከርካሪ አጥንት ሊሰነጥቅ ይችላል። ለአስምም ሆነ ለሌላ በሽታ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛው እዚህ አገር ሊዘነጋ የማይገባው ነው፤ የአከርካሪ ቲቢ። ወገቡ ወይም ጀርባው ቀስ በቀስ ለሳምንታት እየባሰበት የሄደ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ቀበቶው የሰፋበት፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰው ሰው "ብርድ ነው" እያለ መቀመጥ የለበትም። ሳል ባይኖርም ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ቲቢ አጥንት ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሳል የለውም። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው የሚሰጠው። ዘግይቶ ሲታወቅ ግን አጥንቱ ተደርምሶ ጀርባ ያጎብጣል፣ እግር ያሽመደምዳል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያረባ ሰው ትኩሳትና የወገብ ሕመም አንድ ላይ ሲይዘው ደግሞ ብሩሴላ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታም ሐኪሙ እንዲያስብ ይንገረው። ከዚህ ቀደም ካንሰር የነበረበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ወገቡን የሚያመው ሰው ቀን አይቁጠር።

ከእነዚህ አንዱ ካለ፦ አምቡላንስ ከፈለጉ የቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን 939 ነው። መሃል ከተማ ላይ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 እና ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ለከባድ የመውደቅና የመኪና አደጋ በጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለዚሁ የተቋቋመ ነው። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ "ወገቤን አመመኝ" ብቻ ካሉ ወንበር ላይ ያስቀምጡዎታል። "ወገቤን አሞኝ ከትናንት ጀምሮ ሽንት አልወጣ አለኝ" ቢሉ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ አደገኛው ምልክት ይኑር።

ሁለተኛ፦ "ኩላሊት ነው" የሚለውን ይለዩ

እናቶቻችን ከጎድን በታች ያለውን ሁሉ ኩላሊት ይሉታል። እውነተኛው የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ሥር፣ በአንድ ጎን ነው። የጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ያስጨንቃል፣ ያስመልሳል፣ ቢተኙም ቢቆሙም ዕረፍት አይሰጥም፤ ሽንት ሊቀላ ይችላል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳትና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል አለው። የወገብ ጡንቻ ሕመም ግን እንቅስቃሴ ያውቃል፤ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ይወጋል፣ አንድ የሚመች አተኛኘት ሲያገኙ ጋብ ይላል። ካልለየልዎ የሽንት ምርመራ ያድርጉ፤ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ካለበት በዚያኑ ቀን ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑና ሕመሙ ምጥ እንደሚመስል እየተመላለሰ ከመጣ ደግሞ መሄጃው እርግዝናዎን የሚከታተሉበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ፦ እግርዎን ይፈትኑ

ሕመሙ ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት እንደ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነ ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ይህም ቢሆን አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላል። የሚያሳስበው መዛል ነው። ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ አጠገብ በተረከዝዎ ብቻ ጥቂት እርምጃ ይሂዱ፤ ከዚያ በጣትዎ ጫፍ ይቁሙ። አንዱ እግር እምቢ ካለ፣ ወይም ስትራመድ እግርህ መሬት ይጠርጋል ካሉዎት፣ ሳምንት ሳይጠብቁ ሐኪም ይይዎት። በኋላ ያየኝ ሐኪም በተረከዜ ያራመደኝ ለዚሁ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

አራተኛ፦ አደጋ ከሌለ በሩን አያንኳኩ፣ ጥቂት ይቆዩ

ድንገት የያዘ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ውስጥ በጣም ይሻላል፤ ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው "ሐኪም" መራመድ ነው። ድሮ "ተኝተህ አርፍ" ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን የሚባለው፣ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ወገብን ያደርቃል እንጂ አያድንም ነው። ቤትዎ ስድስት ኪሎ አካባቢ ከሆነ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን መንገድ ግማሹን ሄደው ይመለሱ፤ በነጋታው ትንሽ ይጨምሩ። ሚኒባስ ሲሳፈሩ መጨረሻው ወንበር ላይ ተጣጥፈው አይቀመጡ፤ ሌላ ታክሲ ይጠብቁ፣ አምስት ደቂቃ መቆም ይሻላል። መሬት ላይ መተኛትም ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚመቸው በጣም ያልላላ በጣም ያልደረቀ ፍራሽ ነው።

መድኃኒት ቤት ሲገቡ "የወገብ መርፌ ስጡኝ" አይበሉ። ዳይክሎፍናክ በመርፌ ስለተሰጠ ከክኒኑ የተለየ ፈውስ የለውም፤ የሚለየው ሕመሙን ቶሎ ስለሚያስታግስ ብቻ ነው። አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፍናክ ከመውሰድዎ በፊት ለፋርማሲስቱ ጨጓራ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑም ይንገሩ። ለጥቂት ቀን ከምግብ ጋር እንጂ ለወር አይወሰዱም። የሚያስተኛውን የትራማዶል ክኒን ደግሞ ጓደኛ ሰጠኝ ብለው አይጀምሩ፤ እሱ ራሱ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ

ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክረው ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተዎት፣ የወረዳዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ "ለወገብ ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል?" ይላል። የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፦ አደገኛ ምልክት መኖሩን ያያል፣ ሽንትና ደም ይመረምራል፣ ሪፈር ይጽፋል። ይቺ ሪፈር የምትባል ወረቀት በአዲስ አበባ ዋጋዋ ብዙ ነው። ያለ እሷ ጥቁር አንበሳ በር ላይ ቢቆሙ ድንገተኛ ካልሆኑ ወደ መጡበት ሊመልሱዎት ይችላሉ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለዎት ከሆነ ደግሞ ደረጃውን ዘለው በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ሲጀምሩ ነው፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር።

ማልደው ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ መቼ ጀመረ፣ የት የት ይሄዳል፣ ምን ያብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል፣ እስካሁን የወሰዱት መድኃኒት፣ ሌላ ያለብዎ በሽታ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ከጊዜ ማነስ የተነሳ ግማሹ ይረሳልና።

ተቀጣሪ ከሆኑ አንድ ሌላ ምክንያት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በዓመት እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። በሕመም ሲቀሩ ግን ከታወቀ የጤና ተቋም የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃሉ። የወጌሻ ቃል ለሰው ኃይል ክፍሉ አይሆንም። ሕመሙ የመጣው ሥራ ላይ ሳሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከረጢት ሲያነሱ፣ በዚያኑ ቀን ለአሠሪዎ ያሳውቁ፣ ካርዱ ላይም ይጻፍልዎ።

ስድስተኛ፦ ከጤና ጣቢያ በኋላ ወደ ማን?

ለተራው የወገብ ሕመም የሚቀጥለው በር ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ከቀዶ ጥገና ሐኪም በፊት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ላይ ስፖርታዊ እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ መማርንና በባለሙያ የሚሰጥ ማሳጅን የመሳሰሉትን ደግፎ፣ የወገብ ቀበቶ ማሰርን፣ በክብደት መጎተትንና እንደ ትራማዶል ያሉትን መድኃኒቶች አልደገፈም። ቀበቶ በየመድኃኒት ቤቱ ተሰቅሎ ስለምናይ ሕክምና ይመስለናል። እኔም አንድ ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት እንዴት ይታወቃል? ልብስዎን አስወልቆ አካሄድዎን ያያል፣ ያስጎነብስዎታል፣ ጥያቄ ያበዛል፤ ከዚያ ቤት የሚሠሩት እንቅስቃሴ ያስተምርዎትና በሚቀጥለው ሲመጡ "እስቲ ያሳዩኝ" ይላል። የሙቀት መብራት ለኩሶልዎ፣ ሃያ ደቂቃ ትቶዎት ሄዶ፣ ሒሳብ የሚቀበል ከሆነ ገንዘብዎን ይዘው ሌላ ይፈልጉ። መብራቱ ያስደስታል፤ ወገብ ግን የሚጠነክረው በእንቅስቃሴ ነው።

ወደ አጥንት ሐኪም ወይም ወደ ነርቭና አከርካሪ ቀዶ ጥገና ሐኪም የሚያስኬደው እግር ሲዝል፣ ስብራት ሲጠረጠር፣ ወይም ተገቢው ሕክምና ከስድስት ሳምንት በላይ ተሞክሮ የእግር ሕመሙ ሳይለቅ ሲቀር ነው። ዕድሜው ከ45 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ ወገቡን የሚያመው፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተገትሮ የሚቆይ፣ ሌሊት የሚቀሰቅሰው፣ ሲያርፍ የሚብስበትና ሲንቀሳቀስ የሚሻለው ሰው ደግሞ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይሂድ፤ ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል፣ በዲስክ ስም ለዓመታት ሲንከራተቱ የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ሰባተኛ፦ ኤምአርአይ ከመነሳትዎ በፊት አንድ ጥያቄ

ጥያቄው ይሄ ነው፦ "ዶክተር፣ ውጤቱ ምን ቢሆን ሕክምናዬ ይለወጣል?" መልሱ "አይለወጥም" ከሆነ ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ ያቆዩት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ጽሑፍ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን ሰዎች ምስል አይቶ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 30 በመቶዎቹ፣ በ80 ዓመት ካሉት 84 በመቶዎቹ ጎበጥ ብሎ ወደ ውጭ የገፋ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ሕመም የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ዲስክ" ተብሎ ሲጻፍ እንደ ፀጉር ሽበት ሊሆን ይችላል፤ አለ፣ ግን ያሳመመዎት እሱ ላይሆን ይችላል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ያን ባልዲ አነሳው ነበር። አደገኛ ምልክት ሲኖር ግን ኤምአርአይ ግዴታ ነው፤ ያኔ ስለ ገንዘብ አይጨነቁ፣ ቤተሰብ ይሰብሰብበት።

ራጅ ደግሞ ዲስክም ነርቭም አያሳይም። ስብራት ሲጠረጠር ይነሱ፤ "ለማረጋገጥ ያህል" ግን ጨረር መቀበል ብቻ ነው።

ስምንተኛ፦ ፍልውሃ፣ ወጌሻ፣ ዋግምት፣ ጠበል

ይሄን አለመጥቀስ ውሸት ነው፤ አብዛኞቻችን ከሐኪም በፊት እዚያ እንሄዳለንና።

ፍልውሃ ለዚህ ከተማ መሠረት ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የሳባቸው ይኸው የሞቀ ውሃ ነበር። ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻ ያፍታታል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፤ እትዬም አልተሳሳቱም። ዲስክ ግን አይመልስም፣ ቲቢም አያጥብም። እግርዎ የደነዘዘ ከሆነ የውሃውን ግለት ስለማይለዩ ይጠንቀቁ፤ የልብ ችግርና ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳይጠይቅ አይግባ። ዘውዲቱ ሆስፒታል ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ገላዎን ታጥበው ትኩሳት ካለብዎ እግረ መንገድዎን ይግቡ።

ወጌሻ ላይ ያለኝ አቋም ይኸው ነው፦ ለታጠፈ ጣትና ለተወለቀ ክንድ እጃቸው የተባረከ አባቶችን አውቃለሁ። አከርካሪ ግን ሌላ ነው። ጀርባ ላይ በእግር መቆም፣ ወገብን ድንገት መጠምዘዝ፣ አይሆንም። ቀለል አድርጎ በቅባት ማሸት አይከፋም። መጀመሪያ ግን አንደኛ ደረጃ ላይ የጻፍኳቸውን ምልክቶች ይፈትሹ፤ ቲቢ የበላው አጥንት ላይ የሚያርፍ ብርቱ እጅ እግር ያሽመደምዳል። አዛውንት እናትዎን ደግሞ ጨርሶ አይውሰዱ።

ዋግምት የሚያስፈራኝ በምላጩ ነው። የሌላ ሰው ደም የነካ ስለት ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል፤ ለወገብ ብሎ ያንን መሸከም አይረባም።

ጠበል የእምነት ነገር ነው፤ ሐኪም ጋ ሄደው ጠበልም መጠመቅ ይችላሉ። የቲቢ መድኃኒት ወይም ሌላ የታዘዘልዎትን ክኒን ግን እንጦጦ ሲወጡ ቤት ጥለውት አይሂዱ፤ በቦርሳ ይያዙት።

ዘጠነኛ፦ "ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል" ከተባሉ

ሽንት ካልወጣ ወይም እግር እየዛለ ከሄደ አይከራከሩ፣ ይፈርሙ። ከዚያ ውጪ ለሆነው ግን ለመወሰን ጊዜ አለ። ከሌላ ሐኪም፣ ቢቻል ከሌላ ተቋም፣ ሁለተኛ አስተያየት ይጠይቁ፤ ምስሉንና የላብራቶሪ ወረቀቱን ይዘው፣ የመጀመሪያው ሐኪም ምን እንዳለ ሳይነግሩ። ቀዶ ጥገናው እግር ላይ የሚሄደውን ሕመም ለማስታገስ ይረዳል፤ ለተራ የወገብ ሕመም ብቻ ግን ተስፋው ያነሰ ነው። ይህን ሳያጣሩ ለህንድ ወይም ለታይላንድ ቲኬት መዋጮ መጀመር ከእኔ ኤምአርአይ የባሰ መገላቢጦሽ ነው።

ቀጠሮዎ ወር ሁለት ወር ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ የመንግሥት ሆስፒታል ነገር እንዲህ ነው። እየጠበቁ መራመድዎን አያቁሙ፣ እንቅስቃሴዎቹን ይሥሩ። በዚህ መሃል ሽንት አልወጣ ካለ፣ መቀመጫዎ ከደነዘዘ፣ ወይም ትኩሳት ከጀመረዎ የቀጠሮ ካርዱን ቤት ይተዉትና በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።